መሬቱ የእሳቸው፣ ነዳጁ የሰው

ከሚኒያፖሊስ የወጣነው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው። ጓደኛዬ በነዳጁ ግርግር ጊዜ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ የውሃ ቦቴ ይነዳ ስለነበር መንገዱን በሙሉ ወሬው እሱ ነው። "አንድ ጉድጓድ ስንት ቦቴ እንደሚጠጣ ብታይ!" ይለኛል። ባከን ከሚባለው የዚያ አካባቢ የድንጋይ ንብርብር የሚወጣው ነዳጅ እንዲሁ ተቀድቶ የሚወጣ አይደለም፣ ድንጋይ ውስጥ ነው የተቆለፈው። ድንጋዩን ለመሰንጠቅ ውሃና አሸዋ ከኬሚካል ጋር በኃይለኛ ግፊት ይለቀቅበታል።

ቤልፊልድ ላይ ታጥፈን በ85 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ወጣን። መጀመሪያ ሜዳ ብቻ ነው። ከዚያ ስንዴው መሀል ቆመው ደፋ ቀና የሚሉት የነዳጅ መሳቢያ ማሽኖች መጡ።

የነዳጅ ከተማዋ ዊሊስተን በ2010 በፈረንጆቹ ቆጠራ 14,716 ሰው ነበራት፣ በ2020 29,160 ደረሰች። ጓደኛዬ ከተማዋ የገባው የሚከራይ ቤት በጠፋበት ሰዓት ነው። በ2014 ባለ አንድ መኝታ ቤት ከ2,000 ዶላር በላይ ይከራይ ነበር። በስንዴ አገር! እሱም ሁለት ወር መኪናው ውስጥ አደረ። "ብርዱ ያልገደለኝ በእናቴ ጸሎት ነው" ይላል። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ የነዳጅ ዋጋ መውረድ ጀመረ፣ በ2016 መጀመሪያ በርሜሉ ከ30 ዶላር በታች ገባ፣ እሱም ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ።

ቁርስ ቤት ውስጥ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ወሬ ጀመርን። እርሻቸው ላይ የነዳጅ ጉድጓድ አለ ሲሉ "በቃ ሀብታም ነዎታ!" አልኳቸው። ሳቁ። እዚህ አገር የመሬቱ ባለቤትና ከስሩ ያለው ማዕድን ባለቤት ሊለያዩ ይችላሉ። አባታቸው እርሻውን ሲገዙ ሻጩ የማዕድን መብቱን ለራሱ አስቀርቶ ነበር፣ ያኔ ማን ልብ ይለዋል? አሁን በየወሩ ቼክ የሚቀበሉት፣ ስንዴ ዘርተው የማያውቁ፣ ሌላ ግዛት የሚኖሩ የሻጩ የልጅ ልጆች ናቸው። ለሳቸው ጉድጓዱ ለያዘው ቦታ ካሳ ተከፍሏቸዋል፣ አለቀ። የጎረቤታቸው አባት መብቱንም አብሮ ስለገዛ ጎረቤትዬው አሁን ክረምቱን አሪዞና ነው የሚያሳልፈው።

"ለኔ የደረሰኝ አቧራው ነው" አሉ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረግ እያደረጉ። የጠጠር መንገዱ በእርሻቸው ጥግ ነው የሚያልፈው። ቦቴዎቹ ቀንና ሌሊት ሲመላለሱ ስንዴው ግራጫ ሆኖ ይውል ነበር።

ጓደኛዬ ሂሳቡን እሱ ካልከፈልኩ ብሎ ተሟገተ። መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ "ያን መንገድ እኮ አውቀዋለሁ" አለኝ። "በቀን አራቴ ነው የምመላለስበት የነበረው።"