የኮሌጁ ስኬት በልጁ ንባብ ሲለካ

የትምህርት ኮሌጆቻችን ዓመታዊ ሪፖርት ስለ ማህበረሰብ አገልግሎት ሲያወሳ ስንት ሰው እንደሠለጠነ፣ ስንት መጽሐፍ እንደተለገሰ፣ ስንት የምስክር ወረቀት እንደተሰጠ ይዘረዝራል። ከግቢው አጥር ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አንድ መስመር ማንበብ ያቃተው ልጅ ግን በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። ልጅን ማንበብ ማስቻል ከየትኛውም ኮሌጅ ይልቅ የትምህርት ኮሌጅ ሙያ ነውና ስኬቱም በዚህ ሊለካ ይገባል ባይ ነኝ።

መሠረቱ ድሮም ነበረ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት አገልግለዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ባሕር ዳር ላይ የተቋቋመውና ኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የፔዳጎጂ አካዳሚም የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያዛምዱ ባለሙያዎችን እንዲያፈራ የታሰበ ነበር። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ደግሞ የማህበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጎን አስቀምጦታል። ሕጉም ታሪኩም አለ። የሚቸግረው አሠራሩ ነው።

ኮሌጁ በአቅራቢያው ላሉ ልጆች ለሚሰጠው የክረምት የንባብ ድጋፍ ሥራው በግንቦት መጀመር አለበት። የኮሌጁ ደብዳቤ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ለርዕሰ መምህሩና አጎራባች ትምህርት ቤቶችን ለሚያስተባብረው የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ይደርሳል፤ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱም ሳይበተን ይሰበሰባል። በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ትምህርት ቤት ይመረጥ። ሩቅ ወረዳ ከተሄደ ገንዘቡ በአበልና በነዳጅ ያልቅና ሥራው የሁለት ቀን ጉብኝት ሆኖ ይቀራል። መደበኛ ተማሪዎች በክረምት ወደ ቤተሰባቸው ስለሚሄዱ፣ ግቢ ውስጥ ያሉትን የክረምት ሠልጣኝ መምህራን ማሰማራት የተሻለ ነው። እነሱ ክፍል ያውቃሉ፤ የለመዱትንም ይዘው በመስከረም ወደየትምህርት ቤታቸው ይመለሳሉ።

ከሁሉ በፊት የእያንዳንዱ ልጅ ንባብ ለብቻው ይለካል። በብዙ አገር የሚሠራበት የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና አካሄድ ለዚህ ይበቃል፦ 10 መስመር፣ በየመስመሩ 10 ፊደል፣ 60 ሰከንድ። ልጁ አንድ ፊደል ላይ 3 ሰከንድ ከቆመ ቀጣዩን ጠቁሞ ማሳለፍና የታለፈውን ስህተት ብሎ መያዝ ነው። የመጀመሪያው መስመር ሙሉ ከጠፋው ምዘናው እዚያው ይቆማል፤ ልጁን ማስጨነቅ ትርፍ የለውም። ደቂቃው ሳይሞላ ከጨረሰ፣ ትክክል ያነበበውን በ60 አባዝቶ በፈጀበት ሰከንድ ማካፈል ነው፤ በ50 ሰከንድ 90 ትክክል ካነበበ በደቂቃ 108 ማለት ነው። ቀጥሎ አጭር ምንባብ ይነበብና 5 ጥያቄ ይጠየቃል።

ምዘናው በብዛት የሚበላሸው በፊደሎቹ አቀራረብና በስህተት አያያዝ ላይ ነው። ፊደሎቹ በገበታው ተራ ከቀረቡ ልጁ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ይወርድና አንባቢ ይመስላል፤ ስለዚህ ይደበላለቁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወይም ሰን እና ሠን በአንድ ድምፅ ያነበበ ልጅ ትክክል ነው። «አለ» ብቻውን ሲቀርብ ጠብቆም ላልቶም ይነበባልና ሁለቱንም መቀበል ነው። በስህተት የሚያዙት በመልክ የሚቀራረቡት ናቸው፦ በ እና ሰ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ። ከእነሱም በላይ አስቸጋሪው ሳድስ ነው፤ ካዕብና ሣልስ በአብዛኛው ወጥ ምልክት ሲኖራቸው የሳድስ ቅርፅ ግን ከፊደል ፊደል ይለያያል። በአዊ ልጁ የሚማረው በአውኚ ከሆነ ምዘናው በአውኚ፣ በዋግ ኽምራ በኽምጣና ከሆነ በኽምጣና ይሁን፤ በአማርኛ ብቻ ተመዝኖ «አያነብም» መባሉ ግፍ ነው።

ቡድን የሚመደበው በክፍል ደረጃ ሳይሆን በውጤቱ ነው፦ ፊደል ያልለዩ፣ ፊደል ለይተው ቃል ያቃታቸው፣ ቃል እያነበቡ ዓረፍተ ነገር የሚከብዳቸው። ለአንድ ሠልጣኝ ከ6 እስከ 8 ልጅ ይበቃል፤ ከ10 ካለፈ ጸጥተኛው ልጅ ሳያነብ ይውላል። በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት። 10 ደቂቃ የትናንቱን መከለስ፣ 15 ደቂቃ አዲስ ድምፅና ፊደል፣ 20 ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ ድምፁን አውጥቶ ማንበብ፣ 15 ደቂቃ ጽሕፈት። በአንድ ቀን ከሦስት አዲስ ፊደል በላይ አይጫን። የፊደል ካርዱ ከተጣለ የካርቶን ሣጥን በመዳፍ ልክ ተቆርጦ በወፍራም ፓርከር ይጻፋል፤ የታተመ መግዛት አያስፈልግም።

ሰዓቱ ጠዋት ከ2:30 እስከ 3:30 ይሁን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ «ተ» ይሁን «ጠ» አይሰማም። ፍልሰታ ሲገባ ብዙ ልጆች ይጾማሉ፣ ቅዳሴም ያስቀድሳሉ፤ ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ማንም አይመጣም፤ ያንን ከወዲሁ ቀን መቁጠሪያው ላይ መተው ይሻላል። እረኛ ልጆች የሚቀሩት ከብት የሚጠብቅ ሰው ስለሚጠፋ ነው፤ ወላጆች በየተራ ለመጠበቅ ከተስማሙ ችግሩ በእጅጉ ይቀልላል። ስለዚህ ነው የግንቦቱ ስብሰባ የማይዘለለው።

በመጨረሻው ሳምንት በዚያው መንገድ፣ ግን በሌላ ምንባብ፣ ድጋሚ ይመዘናል። መዛኙ ልጁን ያስተማረው ሠልጣኝ መሆን የለበትም፤ ሰው ሳያስበው ለራሱ ተማሪ ያደላል። ሪፖርቱም የሚጻፈው ከዚህ ነው፦ ስንት ልጅ ጀመረ፣ ስንት እስከ መጨረሻው ቆየ፣ ከየቡድኑ ስንት ወደ ቀጣዩ ተሸጋገረ፣ ስንት ባለበት ቀረ። ያቋረጡት ከስሌቱ ወጥተው አማካዩ ብቻ ከቀረበ ቁጥሩ ያታልላል። ባለበት የቀረው ልጅ ስም ዝርዝር፣ የሳታቸው ፊደሎችና ካርዶቹ በመስከረም ለክፍል መምህሩ በእጅ ይሰጣሉ፤ የኮሌጁ መደበኛ ተማሪዎች በትምህርት ዓመቱ ለተግባራዊ ልምምድ ሲወጡም የሚመደቡት ወደዚያው ትምህርት ቤት፣ ወደ እነዚያው ልጆች ነው።