አንዲት ንባብ ስንት ታስከፍላለች?
ዛሬ ቀኑን ሙሉ የሊነክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ኮድ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ቡናዬን ሁለቴ አሙቄ ሁለቴም ቀዝቅዛብኛለች።

ኢንቴልና ኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ዲአር7 የሚባል ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ማከማቻ) አለ፤ ከዲአር0 እስከ ዲአር3 አድራሻቸው የተቀመጠ አራት ብሬክፖይንቶችን (ፕሮግራሙ እዚያ አድራሻ ሲደርስ የሚያስቆሙ ምልክቶችን) የሚያበራና የሚያጠፋው እሱ ነው። ከርነሉ ኤንኤምአይ (እንደ ሌሎቹ ሊታገድ የማይችል አቋራጭ ምልክት) ሲመጣበት መጀመሪያ ዲአር7ን ያነባል፣ የበራ ካለ ያጠፋል፣ ሲጨርስ ይመልሰዋል። አለዚያ ኤንኤምአዩን ሳይጨርስ ብሬክፖይንት ላይ ቢወድቅ ኤክሰፕሽን (ሌላ አቋራጭ) ይደረብበታል። (የዲአር7 ቢት 10 ሁሌም 1 ነው፣ ኮዱም ይዘለዋል። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ "ማን አበራው?" እያልኩ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ።)

ችግሩ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው። ያቺ የዲአር7 ንባብ ብቻዋን ከቨርቹዋል ማሽኑ ወደ ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ወደሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ልታስወጣ ትችላለች፣ ያ ደግሞ ውድ ነው። ፐርፍ (የሊነክስ የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ) እየሠራ ከሆነማ ኤንኤምአይ በላይ በላዩ ይመጣል።

መፍትሔው አስቀናኝ። ከርነሉ ለየሲፒዩው የዲአር7ን ቅጂ ሜሞሪ ላይ ይይዛል፤ ሃይፐርቫይዘር ላይ ከሆነና ቅጂው ውስጥ የበራ ብሬክፖይንት ከሌለ ሬጅስተሩን ሳይነካ ያልፋል። በቃ፣ አንድ ኢፍ ("እንዲህ ከሆነ" የምትል የኮድ መስመር)!

እኔ ጠዋት አሴምብሊ (ለፕሮሰሰሩ ትዕዛዝ በትዕዛዝ የሚጻፍ ኮድ) ልጽፍ ነበር የተነሳሁት 😅