ለዕድሜው ጎበዝ ነው

ይሄን ነገር ለማንም ላልናገር ወስኜ ነበር። ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን ጥርሴን እየቦረሽኩ መስታወቱ ላይ "ለዕድሜው!" ብዬ ጮህኩበት። መስታወቱ በጥርስ ሳሙና ተጥለቀለቀ። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ማታ ነው። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣች። እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ስልኬን እነካካለሁ።

"አባዬ፣ እስቲ እነዚህን እይልኝ። ትክክል መሆናቸውን ብቻ።"

ልብ በሉ። አስረዳኝ አላለችም። እይልኝ ነው ያለችው። ሠርታ ጨርሳለች። ዐሥር ጥያቄ፣ ዐሥር መልስ፣ በእርሳስ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። የእኔ ድርሻ "ጎበዝ!" ብሎ ወደ ስልኬ መመለስ ብቻ ነበር። ስንት አባት ይሄን ፈተና በክብር አልፎታል።

የመጀመሪያውን አየሁ። −3 − 5። መልሷ −8 ይላል።

"ይሄ ተሳስቷል" አልኩ።

"የቱ ጋ?"

"ማይነስ በማይነስ ምንድን ነው?"

"ፕላስ። ግን እሱ እኮ..."

"በቃ! እዚህ ማይነስ አለ፣ እዚህም ማይነስ አለ። ተገናኙ፣ ፕላስ ሆኑ። ሦስትና አምስት ስምንት። መልሱ ስምንት ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ጤነኛ ሰው እዚህ ጋ ቆም ይላል። እኔ አልቆምኩም። "ልጄ፣ ሒሳብ ዘመን አይሽረውም" አልኳት። ድምፄ ሁሉ ጎርነን ብሎ ነበር።

ከዚያ ላጲሷን ተቀበልኳትና −8ን ራሴ አጠፋሁት። በቦታው 8 ጻፍኩ። በምን? በእስክሪብቶ። በእርሳስ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ ሰላም እተኛ ነበር።

ቀጠልኩ። −9 + 4። እሷ −5 ብላለች። ማይነስ በፕላስ ማይነስ፤ ዘጠኝና አራት ዐሥራ ሦስት፤ −13። −7 − 2ን −9 ብላው ነበር፤ 9 አደረግኩት። 4 − (−6) ጋ ስደርስ 10 ብላለች። ማይነስ በማይነስ ፕላስ፣ አራትና ስድስት ዐሥር። "ይቺን አግኝተሻታል" ብዬ ፀጉሯን ዳበስኩ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። መፈክሬ አንዳንዴ ይሠራል። ሁልጊዜ የሚሳሳት ሰው ቶሎ ይነቃበታል። እንደ እኔ አልፎ አልፎ የሚያገኝ ግን ቤተሰብ ይዞ ይጠፋል።

ከዐሥሩ ስድስቱን "አረምኩ"። ልጄ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ዝምታዋ አድናቆት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ደብተሩ ተመለሰ። ስድስት ኤክስ። ስድስቱም እኔ በእስክሪብቶ በጻፍኩት ላይ። ላጲሱ ደግሞ በደንብ ስላላጠፋው ከሥር የእርሳሱ መልስ ይነበባል። አስተማሪዋ ያንን የደበዘዘ መልስ በቀይ ከባዋለች። ከጎኑ ሦስት ቃል ጽፋለች፦ "ማነው ይሄን ያረመልሽ?"

ለምን ተሳሳትሽ አይደለም። ማነው። ፖሊስ ይመስል።

"ታዲያ ምን አልሻት?" አልኳት ልጄን።

"ወንድሜ ነው አልኳት።"

ወንድሟ ስድስት ዓመቱ ነው።

"አንተን እንዳታሳፍርህ ብዬ ነው እኮ፣ አባዬ።"

"እሺ፣ እሷስ ምን አለች?"

ልጄ ትንሽ አመነታች። "'ለዕድሜው ጎበዝ ነው' አለች።"

ባለቤቴ ይሄን እንደሰማች ውሃ ልጠጣ ብላ ኩሽና ገባች። ውሃ እንደዚያ እየተንፈቀፈቁ ሲጠጣ ሰምቼ አላውቅም።

ለዕድሜው ጎበዝ ነው። እስቲ አብረን እናላምጣት። "ጎበዝ" መባሉን አልጠላሁትም። በሒሳብ ጎበዝ ያለኝ ሰው ከጠፋ ብዙ ጊዜው ነው። "ለዕድሜው" የምትለዋ ናት ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረችው። የማን ዕድሜ? እኔ 41 ነኝ። ልጁ 6 ነው። ከ6 ላይ 41 ሲቀነስ −35። (ይቺን ልጄ አይታልኛለች።) ስለዚህ የእኔ ጉብዝና ያለው ከዛሬ 35 ዓመት ወደኋላ ነው። ያኔ ይሄንኑ ስህተት ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ይጨበጨብልኝ ነበር።

ሌሊት ደግሞ የመምህራኑ ክፍል ይታየኛል። "የአንዷ ተማሪዬ ወንድም ገና በስድስት ዓመቱ ኔጌቲቭ ቁጥር ይሞክራል" ስትላቸው። "አትይኝም!" ሲሏት። አንዱ ልጁ ክፍል ይዝለል ሲል። ሌላው እስቲ በመጀመሪያ እንፈትነው ሲል። ስህተቴ በስድስት ዓመት ልጅ ስም ሲቀርብ ተስፋ ሆነ። በራሴ ስም ቢቀርብ ምን ሊባል እንደሚችል እያሰብኩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ።

በነገራችን ላይ ልጄ አስረድታኛለች። ታናሿ ወለሉ ላይ መኪናውን እየነዳ፣ እሷ ሶፋው ላይ ሆና።

"ሊፍት ውስጥ ነህ እንበል። ከመሬት በታች ሦስተኛው ላይ፣ −3። ከዚያ አምስት ፎቅ ወረድክ። በሩ ሲከፈት ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነህ?"

ዝም አልኩ። ታች ታች ወርጄ በጣሪያ ልወጣ ነው።

"−9 ላይ ሆነህ አራት ፎቅ ብትወጣስ? ወጥተህ እንዴት −13 ትደርሳለህ?"

አሁንም ዝም። መኪናው ብቻ "ቪቪቪ" ይላል።

"የአንተ ሕግ እኮ የማባዛት ነው። −3 በ−5 ሲባዛ 15 ነው፤ እሱ ልክ ነህ። ስትደምር ግን ምልክታቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ትደምርና ያንኑ ምልክት ትሰጠዋለህ። ከተለያየ ምልክቱን ትተህ ትንሹን ከትልቁ ትቀንሳለህ፣ ከዚያ የትልቁን ምልክት ትሰጣለህ። መቀነስ ከመጣ ደግሞ ተቃራኒውን ደምር። −6 ተቀነሰ ማለት 6 ተደመረ ማለት ነው። ስድስት ዕዳ ቢሰረዝልህ በስድስት ከፍ ትላለህ አይደል?"

በሁለት ደቂቃ አለቀ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት በአንድ መፈክር ስኖር ልጅቷ በሊፍት ቁልፍ ጨረሰችው።

ግን የእኔ ብቻ ጥፋት ነው? እስቲ −3 − 5ን እዩት። ሁለት ሰረዝ አለ። አንድ ዓይነት ርዝመት፣ አንድ ዓይነት ውፍረት። የመጀመሪያዋ የቁጥሩ ስም አካል ናት፤ ሦስቱ ከዜሮ በታች መሆኑን ትናገራለች። ሁለተኛዋ ትእዛዝ ናት፤ ቀንስ ትላለች። አንዷ ቅጽል፣ አንዷ ግስ። በየትኛው ቋንቋ ነው ቅጽልና ግስ መንታ ሆነው የሚዞሩት? + እና − ዮሐንስ ዊድማን የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1489 ባሳተመው የንግድ ሒሳብ መጽሐፍ ላይ ነው መጀመሪያ በኅትመት የታዩት። ይሄ ሁሉ ዘመን አልፎ ሰረዟ አሁንም ሁለት ደመወዝ ትበላለች። ብዙ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተሮች ላይ እንኳ ለመቀነስ አንድ ቁልፍ፣ ለኔጌቲቭ ሌላ ቁልፍ አለ። ማሽን እንዳይምታታበት ተጠንቅቀውለታል። ለአባት ማን ይጠንቀቅ።

እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የመከራ ጓደኛ ፍለጋ ገባሁ። አገኘሁም። ፓስካል፣ ያ ትልቁ የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ፣ ከዜሮ ላይ 4 ሲቀነስ ዜሮ እንደሚቀር የማይገባቸው ሰዎች ይገርሙት ነበር። ከዜሮ አራት፣ ዜሮ! የእኔን ደብተር ቢያርም ኖሮ ተቃቅፈን እንወድቅ ነበር። ሚካኤል ሽቲፈል የሚባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅም በ1544 ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች ትርጉም የለሽ ብሎ ጠርቷቸዋል።

ከሁሉም የወደድኩት እንግሊዛዊው ደ ሞርጋን ነው። በ1831 አንድ ጥያቄ አቀረበ። አባት 56፣ ልጁ 29 ዓመት ነው። አባትየው የልጁን ዕድሜ እጥፍ የሚሆነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? መልሱ −2 ወጣ። ደ ሞርጋን ይሄ ትርጉም አይሰጥም፣ ጥያቄው ነው መስተካከል ያለበት አለ። የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበረ ሰው ነው! በነጋታው ደስ ብሎኝ ለልጄ አነበብኩላት። ቁርሷን እያኘከች "ከሁለት ዓመት በፊት ነዋ። 54 እና 27" አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ብራህማጉፕታን ባላገኘው ይሻለኝ ነበር። ህንዳዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። በ628 ፖዘቲቩን ሀብት፣ ኔጌቲቩን ዕዳ ብሎ ሕጎቹን አንድ በአንድ ጽፏቸዋል። ዕዳ ከዜሮ ላይ ሲቀነስ ሀብት ይሆናል ይላል። ልክ እንደ ልጄ። የቤት ሥራዬን አንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት ገደማ አዘግይቻለሁ ማለት ነው።

አንድ ማጽናኛ ብቻ ተገኘ። የጥንት ቻይናውያን ሒሳብ ሲሠሩ በዘንግ ነበር የሚቆጥሩት። ፖዘቲቩ ቀይ ዘንግ፣ ኔጌቲቩ ጥቁር። ስለዚህ አስተማሪዋ በቀይ የጻፈችው ሁሉ ፖዘቲቭ ነው። ስድስት ቀይ ኤክስ፣ ፕላስ ስድስት። ይሄን ለባለቤቴ ነገርኳት። "ያንተ እስክሪብቶ ምን ቀለም ነበር?" አለችኝ። ጥቁር። ተመልሳ ውሃ ልትጠጣ ሄደች።

ይሄ ሁሉ ከቤት ሳይወጣ ቢቀር ደህና ነበር። ትናንት ልጆቹን ልወስድ ሄድኩ። የሒሳብ አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማለች። ልጄ እንዳየቻት እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ዞር ብለን ለማለፍ ሞከርን።

"አንተ ነህ እህትህን የምታርምላት?" አለችው ትንሹን፣ ቁጢጥ ብላ።

ለሁሉም ነገር አዎ የሚል ልጅ ነው። "አዎ" አለ።

"ጎበዝ! እስቲ ማይነስ ሦስት ሲቀነስ አምስት ስንት ነው?"

ፀሎት አደረስኩ። ልጁ አሰብ አደረገ።

"ሊፍት ነው?"

አስተማሪዋ ሳቀች። "እሺ፣ ሊፍት ይሁን።"

ጣቶቹን አወጣ። "አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ማይነስ ስምንት።"

"ውይ! በጣም ተሻሽለሃል!"

እዚህ ጋ እጁን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ትንሽ ኩራት ቢጤ ያዘኝና ቆምኩ። ልጁ ገና አልጨረሰም ነበር።

"አባዬ ግን ስምንተኛ ፎቅ ነው የሚወጣው።"

አስተማሪዋ ቀስ ብላ ቀና አለች። አየችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ የልጁን የጫማ ክር ማሰር ጀመርኩ። ጫማው ክር የለውም።