ኢንተረፕትን ያለጊዜው መቀበል

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ያፈጠጥኩት አንድ ቁጥር ላይ ነበር፤ በምጽፈው የዜድ 80 ፕሮሰሰር ኢሙሌተር (የፕሮሰሰሩን ሥራ በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ የስታክ ጠቋሚው (የመመለሻ አድራሻዎች የሚደራረቡበትን የማህደረ ትውስታ ክፍል ጫፍ የሚያመለክተው ቁጥር) 2 ባይት፣ 2 ባይት እያለ ወርዶ በመጨረሻ የፕሮግራሙን የራሱን ኮድ ይደመስስ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዜድ 80 ኢንተረፕት (ሥራውን ለአፍታ አቋርጦ ሌላ ጉዳይ እንዲያስተናግድ የሚጠራው ምልክት) እንዲገባ የሚፈቅደውን ኢአይ የተባለ ትእዛዝ ሲፈጽም በሩን ወዲያው አይከፍትም፤ ቀጥሎ ያለው አንድ ትእዛዝ እስኪያልቅ ይታገሣል። የኢንተረፕት ማስተናገጃ ኮድ ብዙውን ጊዜ በኢአይ እና በመመለሻው ትእዛዝ በሬት ስለሚያበቃ፣ የመመለሻው አድራሻ ከስታክ ላይ ሳይነሣ ሌላ ኢንተረፕት እንዳይገባ ይህ መዘግየት ይጠብቀዋል። እኔ ግን ወዲያው ስለከፈትኩት፣ ተራውን ሲጠብቅ የነበረው ሰዓት ቆጣሪ ከሬት ቀድሞ ገባና አድራሻ በአድራሻ ላይ ተደራረበ።

ሌላው ችግር ከኮምፒውተሬ በኩል የመጣ ነው። የቁልፍ ሰሌዳውን የሚያዳምጠው ትሬድ (ከዋናው ዑደት ጎን ለጎን የሚሠራው የፕሮግራሜ ክፍል) የፕሮሰሰሩን ሬጅስተሮች (የውስጥ ጊዜያዊ ማከማቻዎች) በቀጥታ እንዲነካ መፍቀድ፣ ጉርሻ ወደ አፉ የሚያነሣን ሰው እጅ እንደመምታት ነው። ስለዚህ ያ ትሬድ አሁን አንዲት አቶሚክ (መሃል ላይ ሳትቋረጥ በአንድ ጊዜ የምትለወጥ) ምልክት ከማንሣት በቀር ሥልጣን የለውም፤ ምልክቷን የሚያየው ዋናው ዑደት ብቻ ሲሆን፣ እሱም አንድ ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሞ ቀጣዩ ከመነበቡ በፊት ነው። ያኔ ተጨማሪ ኢንተረፕት ይከለክላል፣ የፕሮግራም ቆጣሪውን (የቀጣዩን ትእዛዝ አድራሻ) ስታክ ላይ ያስቀምጣል፣ በሞድ 1 (ከፕሮሰሰሩ የኢንተረፕት አሠራሮች በአንዱ) ከሆነም ወደ ሄክሳዴሲማል አድራሻ 0038 ዘልሎ 13 የሰዓት ምት ይቆጥራል። ፕሮሰሰሩ በሆልት (ኢንተረፕት እስኪመጣ በሚያስቆመው ትእዛዝ) ቆሞ ከነበረ ግን የሚቀመጠው አድራሻ ከሆልት ቀጥሎ ያለው መሆን አለበት፤ እሑዴን የበላችው ይህች ናት።