ነጭ ዝንብና የብራዚል ማሊያዬ

ድሬዳዋ ላይ ቁጭ ብሎ ብርድ የጠበቀ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ሳቢያን ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ጥግ ላይ ከእንጨትና ከላስቲክ የሠራኋት ግሪን ሃውስ አለችኝ። ግሪን ሃውስ ስላችሁ ትልቅ የአበባ እርሻ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ሰው ከገባ አንዱ የሚቆመው ቲማቲም ላይ ነው። በድሬ ሙቀት ላስቲክ ቤት ምን ይሠራል እንዳትሉኝ፤ አከራዬም ጠይቃኝ መልስ አጥቻለሁ።

ቲማቲሞቼን ነጭ ዝንብ ወረራቸው። ቅጠሉን ነካ ሲያደርጉት እንደ ፉርኖ ዱቄት ብን ብለው ይነሳሉ፣ ወዲያው ተመልሰው ከቅጠሉ ሥር ይለጠፋሉ። እዚያ ሆነው ይመጠምጡታል። የሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ቅጠሉን ያጣብቀውና ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይወጣበታል።

ስልኬ ላይ አንድ የፈረንጅ ቪዲዮ አገኘሁ። ከሥሩ የአማርኛ ትርጉም ይሮጣል። «በክረምት ተክሉን አውጡ፣ እንጨቱን በሳሙና እጠቡ፣ በሩን ክፍት ተዉት፤ ብርዱ የተደበቀውን ተባይ ይጨርሰዋል» ይላል። ክረምት! ያኔ ሐምሌ ነበር። ዕድሌ ነው ብዬ ቲማቲሞቹን ከነቆርቆሯቸው አወጣሁ፣ አጠብኩ፣ በሩን በረገድኩት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት እየተነሳሁ ቴርሞሜትር አያለሁ። በላብ ተጠምቄ!

ሐረማያ እርሻ የተማረ ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። ስቆ ስቆ ሲጨርስ፣ «አንተ፣ የፈረንጅ ክረምት እኮ ታኅሣሥና ጥር ነው! በረዶ የሚወርድበት!» አለኝ። «እዚያም ቢሆን ነጭ ዝንብ ውጭ ያለውን ውርጭ ስለማይችል ሞቅ ያለ ግሪን ሃውስ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያልፈው። ድሬ ግን ምን አስጨንቆት ይደበቃል? በእናንተ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ በሦስት ሳምንት ገደማ ክንፍ ያወጣል። ዓመቱን ሙሉ ሠርግ ነው።»

እውነቱን ነው። ብርድ ከሐረር በኩል ቢመጣ እንኳ ደንገጎ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ይቀይራል።

«በል አሁን ቢጫ ነገር የሚያጣብቅ ቅባት ቀብተህ ስቀል። ቢጫ ሲያይ ነፍሱን አያውቅም» ብሎ ዘጋው። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቀደድኩ፣ ከባጃጅ ጋራዥ ግሪስ ለምኜ ቀባሁ፣ ሰቀልኩ። ጥቂት ዝንቦች ተያዙ። ያን ያህል አይደለም። ጠዋት ጠዋት ውኃ እያጠጣሁ እፈትሻለሁ፣ ከዚያ አከራዬ ጋ ሄጄ ቡና እጠጣለሁ። ተቀምጬ የምጠጣው ከቃሪያዎቿ አጠገብ ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጩኸቷን ሰማሁ።

«አቦ አንተ ልጅ! ቃሪያዬ ላይ ምን በተንክበት?»

«እማማ፣ እኔ ምን አደረግኩሽ?» (አዲስ አበቤዎች አትደንግጡ፤ እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አይታወቅም።)

«እስቲ ዙር! ይሄ ጀርባህ ላይ ያለው ምንድነው? ፎሮፎር ነው?»

ጀርባዬን መታ አደረገችኝ። ፎሮፎሩ ተነስቶ በረረ።

ለካ ጠዋት ጠዋት የምለብሳት ቢጫዋ የብራዚል ማሊያዬ ናት! ዝንቡ ጀሪካኑን ትቶ እኔ ላይ ተሳፍሮ፣ በነፃ፣ ያለ ወረፋ፣ ቡና እየጠጣሁ ቃሪያ ላይ አራግፈው ኖሯል። ድሬ ውስጥ እንደኔ ያለ ባጃጅ የለም።

አከራዬ ብዙ አልተናገረችም። «አውልቀው» አለችኝ። አወለቅኩ። የግሪሱን ቆርቆሮ አንስታ ቁጥር 10ን ከላይ እስከ ታች ለቀለቀቻት። ከዚያ ግሪን ሃውሱ መሃል በመስቀያ ሰቀለቻት።

ይኸው እስከዛሬ እዚያው ናት። ጀሪካኑ በሳምንት ያልያዘውን እሷ በአንድ ቀን ትይዛለች። እኔ ደግሞ ውኃ የማጠጣው በጥቁር ካናቴራ ነው፤ በር ላይ አከራዬ ጀርባዬን ፈትሻ ታስገባኛለች፣ ፈትሻ ታስወጣኛለች።