ባህር ዳር ሄድን (የጎጃሙ አይደለም)

ባለፈው ቅዳሜ ቤተሰቡን ጭኜ ባህር ዳር ሄድን፣ ኦሽን ሲቲ ሜሪላንድ ማለቴ ነው። እናቴ ከባህር ዳር ከተማ ከመጣች ገና ወሯ ስለሆነ አርብ ማታ በስልክ ለእህቷ "ነገ ባህር ዳር ልንሄድ ነው" ስትል አክስቴ "ምነው በደህና? ከልጅሽ ተጣላሽ እንዴ?" ብላ ደንግጣ ሁላችንም ሳቅን።

ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በሩት ፊፍቲ አውራ ጎዳና ትራፊክ ካልያዘ ሦስት ሰአት ገደማ ነው። በበጋ ቅዳሜ ግን ቤይ ብሪጅ ላይ መኪናው ጉድ ስለሚሆን ለሊት 11 ሰአት ተነሳን። ድልድዩ ወደ 7 ኪሎሜትር ይጠጋል፣ እናቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይኗን ጨፍና በስመ አብ እያለች ነው የተሻገረችው፣ እኔ ባልነዳ እኔም እጨፍን ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። እኔ ሀገር ቤት ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ፣ ፓሲቭ ቮይስ በእንቅልፌ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ፣ ፎቶሲንተሲስንማ በእንግሊዝኛ እንጂ በአማርኛ ማስረዳት ሁሉ ያቅተኛል። ታዲያ እቃ ስናወርድ የ9 አመቷ ልጄ "አባቢ ፔይሉን አቀብለኝ" ስትለኝ እጄ አየር ላይ ቀረ። ፔይል? ባልዲ ነው ለካ። እኔ በኬት ነው የማውቀው ብላት "እሱም ይባላል፣ ግን ቢች ላይ የአሸዋ መጫወቻው ፔይል ነው" አለችኝ እንደ ዳይሬክተር። አካፋዋ ሾቨል፣ የበረዶ ሳጥኑ ኩለር (ቋንጣ ፍርፍሩም ለስላሳውም እዛው ውስጥ)፣ ነጠላ ጫማ ደሞ ፍሊፕ ፍሎፕ፣ ስትራመድ ከሚያሰማው ድምፅ የወጣ ስም ነው። አስር አመት እዚህ ሀገር ያለነዚህ ሁሉ ቃላት ነው የኖርኩት፣ ስራ ቦታ ማን ባልዲና አካፋ ይጠይቀኛል።

ውሃው ራቅ ብሎ ስለነበር እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ምንጣፉን ጠጋ አድርጌ ዘረጋሁት፣ እናቴ በቅርብ ሆና እንድታይ ብዬ። ልጄ "አባቢ እዚህ አይሆንም፣ ታይዱ ይመጣል" አለች። ታይድ እኔ የማውቀው የልብስ ሳሙናውን ነው! ብርቱካናማው እቃ። ሳሙና ምን ሊያደርግ ይመጣል ብዬ ተኛሁ። ታይድ ለካ ባህሩ ከፍና ዝቅ የሚለው ነገር ነው፣ ጨረቃ ናት የምትስበው፣ በስድስት ሰአት ገደማ ውስጥ ከሎው ታይድ ወደ ሃይ ታይድ ይሄዳል። ጣና እንደሱ አያውቅም፣ ለኛ ለሀይቅ ሰዎች ውሃ ባለበት ነው የሚያድረው። ከቀትር በኋላ እግሬ ሲቀዘቅዝ ብድግ ብል ምንጣፉ ረጥቧል፣ ከጫማዬ አንዱ የለም። እናቴ የቀረውን አንስታ አየችውና "ይሄ ነው እንግዲህ ነጠላ ጫማ" አለች።

ይሄን ያህል ከተዋረድኩ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ግን የትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ አኮራኝ። ላይፍጋርዱ ረጅሙ ወንበሩ ላይ ሆኖ ፊሽካ ነፍቶ ሰዎችን ሲያስወጣ ልጄ ሪፕ ከረንት ነው አለች፣ ሰሌዳ ላይ በስዕል ተለጥፏል። ሞገዱ ያመጣው ውሃ ሲመለስ በጠባብ መስመር እንደ ወንዝ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ከሱ ጋ ፊት ለፊት ከታገልክ ጉልበትህ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከዳርቻው ጋ "ፓራለል" ዋኝተህ ከመስመሩ ትወጣለህ ከዛ ትመለሳለህ። እሷ ፓራለል ላይ ስትደናቀፍ እኔ እዛው አሸዋው ላይ በጣቴ ሁለት መስመር ሰራሁላት፣ መቼም የማይገናኙ፣ የጂኦሜትሪ መምህራችን በኩርኩም ያስገቡን ቃል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በህይወቴ ጠቀመኝ።

ከዛ ቦርድዎክ (ባህሩ ዳር ያለው የእንጨት መንገድ) ወጥተን ድንች ጥብስ ገዛን፣ እዛ ሰፈር በኬቻፕ ሳይሆን በኮምጣጤ ነው የሚበላው፣ እኔ ወደድኩት ሚስቴ ፊቷን አጨማደደች። እናቴ አንዷን ድንች ከፍ አድርጋ ስትመርቅ ነጩ ወፍ ከጀርባ መጥቶ ከጣቷ ላይ ነጠቃት። ልጄ እየሳቀች "ሲገል ነው እማማ" ስትላት "ሲጋራ?" አለች እናቴ፣ "ሲጋራ ሳይሆን ሌባ ነው በይው"። ከዛ ወዲያ በመጣ በሄደ ወፍ ሁሉ ላይ "አንተ ሲጋራ!" እያለች በነጠላዋ ስታባርር ዋለች።

ስንመለስ ሁሉም ተኝተው እኔ ብቻ ነኝ ያልተኛሁት፣ ትከሻዬ ደሞ ይለበልበኛል፣ ሰንበርን ይባላል፣ ይሄን ቃል ማንም አላስተማረኝም። ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ) ለጥቁር ሰው ምን ያደርጋል ብዬ ነበር ጠዋት፣ ያደርጋል።

ሰኞ እናቴ አሸዋ የጠጡትን ፎጣዎች ልታጥብ ወርዳ ከታች ጠራችኝ። ብርቱካናማውን የሳሙና እቃ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ እየነቀነቀች ነው።

"ልጄ፣ ሎው ታይድ ሆኗል፣ ስትመለስ ግዛ።"