«አላየሁም» ብሎ መጻፍ

ሥራዬ ያገለገሉ የሸራ ጀልባዎችን ከሽያጭ በፊት መመርመር ነው። ገዢው ይቀጥረኛል፣ እኔ ደግሞ ጀልባው ውስጥ ገብቼ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ በየቀዳዳው አጮልቄ ያገኘሁትን እጽፍለታለሁ። አሁን የማወራችሁ ሁለተኛ ዓመቴን እንኳ ሳልደፍን የገጠመኝን ነው።

ገዢዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ውቅያኖስ የማቋረጥ ሐሳብ የላቸውም። ቀን ቀን የባሕሩን ዳርቻ ይዘው መጓዝ፣ ሲመሽ ጸጥ ያለ ቦታ መልህቅ ጥለው ማደር ነው ፍላጎታቸው። ለዚህ ዓይነት ጉዞ ያገኙት ጀልባ ልክ ነበር። ርዝመቱ 32 ጫማ፣ ማለትም 10 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሰው ሳይጨነቅ ይነዳዋል። ከውሃ በታች የሚወርደው 1.5 ሜትር ብቻ ስለሆነ ጥልቀት በሌለው ወደብም ይገባል። ዳርቻ ለዳርቻ ለሚሄድ ሰው ይሄ ከፍጥነት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ነፋሱ ሲበረታ የሚያድንህ ቅርብ ያለው ወደብ ነው፤ 2 ሜትር የሚወርድ ጀልባ ይዘህ ደግሞ አንዳንዱን ወደብ በሩቁ ዓይተህ ታልፈዋለህ።

ጀልባው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ1998 ወዲህ ለገበያ የቀረቡ ጀልባዎች ምን ያህል ባሕር እንደሚችሉ የሚገልጽ ምድብ አላቸው። ለምሳሌ «ሲ» የተባለው ምድብ እስከ 2 ሜትር ማዕበል፣ «ቢ» እስከ 4 ሜትር ማዕበል ታስቦ የተሠራ ነው። ይሄኛው ከዚያ በፊት ስለተሠራ እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። ቢኖረውም ምድቡ የሚናገረው ጀልባው አዲስ ሳለ ስለነበረው አቅም ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት ከጀልባው ራሱ ነው የምታውቀው።

ባለቤቱ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ውስጡ ያብረቀርቃል፣ ትራሶቹ አዲስ ናቸው፣ እንጨቱ ተወልውሏል። እኔ ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ጠበቀኝ። «እንዳትቸገር ብዬ ነው» አሉኝ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፣ ግን ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር። የናፍጣ ሞተር ጤናው የሚታወቀው ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሮ ጠዋት ሲነሳ ነው። ለመነሳት ምን ያህል እንደሚታገል፣ መጀመሪያ የሚተፋው ጭስ ሰማያዊ ይሁን ነጭ፣ ነጩስ ቶሎ ይጥፋ አይጥፋ የሚታየው ያኔ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጩ ሳይጠፋ ከቀጠለ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም እንፋሎት ሊሆን ይችላል። የሞቀ ሞተር ይህን ሁሉ ይደብቅልሃል። እኔ ግን «ሞተር፦ ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወደ ላይኛው ወለል ወጣሁ። የዚህ ዓይነት ወለል እንደ ሳንድዊች ነው። ላይና ታች ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት። ስለዚህ በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ እያንኳኳን እንሄዳለን። ጤነኛው ቦታ «ቃ፣ ቃ» ይላል፣ ድምፁ ጠንካራና አጭር ነው። በግራ በኩል ምሰሶውን ደግፈው የሚይዙት ሽቦዎች ከጀልባው ጋር የሚታሰሩበት ቦታ ስደርስ ድምፁ ተቀየረ። «ዱፍ» አለ። የመዳፍ ስፋት በምታህል ቦታ ላይ ደግሜ አንኳኳሁ፣ አሁንም ዱፍ። ውሃ ገብቶ ባልሳው በስብሷል ማለት ነው።

እዚያ ቦታ ላይ ቼይንፕሌት የሚባል ጠፍጣፋ ማይዝግ ብረት ወለሉን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ይወርድና ከጀልባው አካል ጋር በብሎን ይታሰራል። የሽቦዎቹ ሸክም በሙሉ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ወደ ታች ወርጄ ልየው ብል መደርደሪያ ተሠርቶበት ተሸፍኗል። ከጫፉ የሚታየው ሁለት ጣት የሚያህል ብረት ብቻ ነው፣ እሱም ንጹህ። ሽማግሌው «ያ መደርደሪያ ከተነካ ይበላሻል» አሉ። ሚስትየዋ ደግሞ ከኋላዬ ለልጆቿ የትኛዋ የት እንደምትተኛ እያሳየች ነበር።

«ቼይንፕሌት፦ ደህና። ዙሪያው ትንሽ እርጥበት» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ አለቃዬ ሪፖርቱን አነበቡት። ብዙ አይናገሩም። ጣታቸውን እዚያች መስመር ላይ አድርገው «ዓይተኸዋል?» አሉኝ።

«የሚታየውን አይቻለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ይሄ ሰውዬ "ደህና" ስትለው አይቶታል ብሎ ነው የሚያምንህ። ነገ ልጆቹን ይዞ ለሙከራ ሊወጣ አይደል እንዴ?»

አዎ፣ የባሕር ላይ ሙከራው ለማግስቱ ከሰዓት ተቀጥሮ ነበር። 20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ነፋስ ይጠበቃል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ለገዢዎቹ ደወልኩ። ለሽማግሌውም ደወልኩና የመደርደሪያውን ጉዳት እኛ እንደምንከፍል ነግሬ ለመንኳቸው። ፈቀዱ። መደርደሪያው በአራት ብሎን ብቻ የታሰረ ነበር፣ ምንም አልተበላሸም። ቼይንፕሌቱን ፈትቼ ሳወጣው ላዩም ታቹም ያበራል። ወለሉን በሚያልፍበት ቦታ ብቻ ቡናማ መስመር አለው። በጨርቅ ጠረግኩት፣ አልለቀቀም። በጥፍሬ ስስበው ጥፍሬ ገባ። ስንጥቅ ነው። የብረቱን ስፋት ግማሽ አልፎ ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይዝግ ብረትን ከዝገት የምትጠብቀው ላዩ ላይ ያለች በጣም ስስ ሽፋን ናት። ሽፋኗ ስትጎዳ ራሷን የምትጠግነው ደግሞ ኦክስጅን ስታገኝ ነው። ወለሉ ውስጥ ግን ጨዋማ ውሃ ቋጥሮ የያዘ የበሰበሰ ባልሳ እንጂ አየር የለም። ስለዚህ ብረቱ ከላይም ከታችም እያበራ፣ ማንም በማያየው ሦስት ሳንቲሜትር ላይ ይበላል። እኔ የሰማሁት «ዱፍ» ይህንኑ እየነገረኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ። የሚያናድደኝም ይሄው ነው።

ያ ብረት 20 ኖት ነፋስ ላይ ቢበጠስ ምሰሶው በዚያች ቅጽበት ይወድቃል። ልጆቹ የት ሊቀመጡ እንደነበር አውቃለሁ።

ባልየው ስንጥቁን ሲያይ ሌላውንም መጠርጠር ጀመረ፣ ትክክልም ነበር። «ኪሉስ?» አለ። ኪል ጀልባው እንዳይገለበጥ ከሥሩ የሚታሰረው ከባድ ክፍል ነው፣ ከአካሉ ጋር የሚያያዘውም በብሎኖች ነው። ከውስጥ የብሎኖቹ ጫፍና ዳዶ ይታያል፣ መሃላቸው ግን ኪሉ ካልወረደ አይታይም። በ2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለች የእንግሊዝ ጀልባ አትላንቲክ መሃል ኪሏ ተገንጥሎ አራት መርከበኞች ጠፍተዋል። በአደጋው ምርመራ ላይ ከተነሱት ነገሮች አንዱ ጀልባዋ ከዚያ በፊት በተለያየ ጊዜ መሬት ነክታ መጠገኗ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ያገለገለ ጀልባ ስትገዙ «መሬት ነክቶ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ለባልየው ግን ያን ቀን የሰጠሁት መልስ «የብሎኖቹን መሃል አላየሁም» የሚል ነበር። እንዲህ ብዬ ለገዢ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ጀልባውን ተዉት። ሽማግሌው አልተቆጡም፣ እንዲያውም ስድስቱንም ቼይንፕሌት አስቀየሩ። ሽቦዎቹም ከ15 ዓመት በላይ አገልግለው ስለነበር አብረው ተቀየሩ። አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር አለበት፣ ቢያምርም።

ከሦስት ወር በኋላ ባልና ሚስቱ ሌላ ጀልባ አገኙና ደወሉልኝ። እንዴት እንደገና እንዳመኑኝ እስካሁን ይገርመኛል። 30 ጫማ ነው፣ ትራሶቹ ያረጁ፣ ቼይንፕሌቶቹ ግን ክፍት ላይ ያሉ፣ በእጅ የሚዳሰሱ። ሞተሩን ጠዋት በረዶ እንደሆነ አስነሳነው። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ ሚስትየዋ ዋናውን ሪፖርት እንኳ አልጠየቀችኝም።

«ዛሬ ያላየኸው የቱን ነው?» አለችኝ።

አንደኛውን ገጽ ሰጠኋት። የኪሉ ብሎኖች መሃል፣ የመሪው የውስጥ ብረት፣ ከነዳጅ ጋኑ ሥር ያለው ቦታ። ቆማ አንድ በአንድ አነበበችው።